ጭራው የሳሳው ፈረስ

እኔ የአዝማሪ ልጅ ነኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ለጓደኞቻቸው ሁሉ ያወራሉ። በእኔ ጊዜ ግን እንዲህ አፍ ሞልቶ የሚነገር ነገር አልነበረም። አዝማሪ ከሌለ ሰርጉ ሰርግ አይሆንም፣ ድግሱም ድግስ አይሆንም፤ ግን ልጅህን ለአዝማሪ ልጅ ዳር ሲባል ሰዉ ሁሉ ጉሮሮውን መጠራረግ ይጀምራል። ሲበሉና ሲጠጡ «አቤት እጁ! አቤት ድምፁ!» ያሉትን ሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲነሱ ይረሱታል። ይኼ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያናድደኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ያናድደኛል።

አባቴ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ደሴ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሹም ቤት አዝማሪ ነበር። ሹሙ ያለብሱታል፣ ከጓዳቸው ያበሉታል፣ ግብር ሲገባ ደግሞ ማሲንቆውን ይዞ በሩ አጠገብ ይቆማል። ከየአገሩ የመጣው ባላገር ጠጅ ሲጠጣና ሞቅ ሲለው፣ ሹሙን ማመስገን ወይም ወዳጁን መንካት ሲያምረው፣ ግጥም ይገጥምና «ተቀበል!» ይለዋል። አባቴም ግጥሙን ተቀብሎ በማሲንቆው እያዜመ ለሚመለከተው ሰው ያደርሳል። ሰው ፊት ለፊት መናገር የሚያፍረውን ሁሉ በአባቴ አፍ ይናገር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሹሙ ዘምተው በዚያው ቀሩ፤ አዳራሹም ተዘጋ። ጣልያን ደግሞ አዝማሪን አይወድም፣ ምላሱን ይፈራ ነበር። አባቴ ነገሩ ሲገባው ማሲንቆውን ቤት አስቀመጠና ቆዳ መነገድ ጀመረ። ሽታውን አልነግራችሁም።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ ከገበያ ሲመለስ እጁን ደጋግሞ ታጥቦ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ለእኛ ብቻ ይጫወታል። እናቴ ጎመን እየከተፈች፣ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ እንሰማለን። ጎረቤታችን ሐጂያ ደግሞ በአጥሩ ወዲያ ሆና «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ትላለች። ሐጂያ የምንላት ሐጅ ሄዳ አይደለም፤ ሄዳ እንደተመለሰች ሁሉ ሰፈሩን ስለምታዝዝ ነው። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከቤታችን በላይ ግንብ ይገነባ የነበረ አንድ ሸምገል ያለ ጣልያን ነበር። ወታደር አይደለም፤ ግንበኛ ነው፣ እጁ ሁሌ ኖራ ነው። የማሲንቆውን ድምፅ ሲሰማ ሥራውን ትቶ አጥራችን ስር ይቆም ጀመር። እናቴ መጀመሪያ ሊያሳስረን ነው ብላ ደነገጠች። አንድ እሁድ ግን ሆዱ የቅል ግማሽ የሚመስል ትንሽ የክር መሣሪያ ይዞ መጣና መደባችን ላይ ቁጭ ብሎ ተጫወተልን። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ በአገሩ በጥንት ዘመን መኳንንቱ ሁሉ በየቤታቸው ዘፋኝ ያኖሩ እንደነበር አወራን። ካባ ይሰጡታል አለ፤ ልጃቸውን ሲድሩም አዲስ ዜማ አውጣ ይሉታል። ምሳውን ግን የሚበላው ከወጥ ቤቶቹ ጋር ነበር።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «እንግዲያውስ ዘመዴ ነህ በለኛ! እስቲ ንገረኝ፣ ያ ዘፋኝ የገዛ ልጁን ሲድርስ ማን ይጫወትለት ነበር?»

ጣልያኑ ይህን የነገረው ሰው እንደሌለ ተናገረ።

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ እያየ። «የዚችን ሰርግ እኔው ራሴ ነኝ የምጫወተው። ግጥሙንም ከተወለደች ጀምሮ ይዤዋለሁ።»

ይህንን ሲል የመጀመሪያው አልነበረም። ለአንድ ልጁ የሚያወርሰው ርስት የለውም፤ የሚሰጠኝ ይህንን ነበር። ግጥሙን ንገረኝ ብለው ብለምነው «ያን ቀን ትሰሚዋለሽ» ይለኛል። ስለዚህ እኔ ባል ከማሰቤ በፊት ሰርጌን አስብ ነበር ማለት ነው።

ባሉም መጣ። ከደሴ በታች ገራዶ በሚባል አገር የሚኖሩ ባለርስት ገበሬ ልጅ ነው። እህል ጭኖ ደሴ ገበያ ሲመጣ አህዮቹን ቧንቧው ዘንድ ያጠጣል፤ እኔም እንስራዬን ይዤ እዚያው ነኝ። አንድም ቀን አላናገረኝም፤ ብቻ ወረፋዬ ሲደርስ አህዮቹን ከፊቴ ያስወግድልኝ ነበር። ሌሎቹ ጎረምሶች አህያቸውን እንስራዬ ላይ ነበር የሚነዱት። እኔ እንግዲህ በዚህ ወደድኩት። እሱ ደግሞ በምን እንደወደደኝ እስከ ዛሬ ጠይቄው አልነገረኝም።

ሽማግሌ ሲላክ አባቱ፣ ማለትም አማቴ፣ አብረው መጡ። የመጡትም ከምንም በላይ በሚወዱት ነጭ ፈረሳቸው ነበር። ጭራው መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። በሳሙና ያጥቡታል፣ በቀይ ክር ጎንጉነው ያስሩታል፣ ልጅ እንዳይነካውም ይቆጣሉ። ገራዶ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ሰው እንኳ የፈረሳቸውን ጭራ ያውቀዋል ይባል ነበር። ሐጂያ ፈረሱን በአጥሩ ቀዳዳ አይታ «ወላሂ ይኼ ፈረስ ከኔ የተሻለ ጠጉር አለው» አለች።

ነገሩ ሁሉ በመልካም ሄደ። እኔ ጓዳ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲሉ አማቴ ሳል ሳል አሉ።

«ልጂቱን ወደናታል፤ ቤቱንም ወደነዋል። ብቻ...»

«ብቻ የምትለዋ ቃል ስትመጣ ጆሮዬ ይቆማል» አላቸው አባቴ። «ይናገሩ ግድ የለም።»

«ገራዶ ትንሽ አገር ነው፤ ሰዉ ደግሞ አፈኛ ነው። የአዝማሪ ልጅ አገባ እያሉ ልጄን ዕድሜ ልኩን ይጠሩብኛል። እኛ የቆዳ ነጋዴ ልጅ ናት ብለናል፤ ውሸትም አይደል። እና በሰርጉ ቀን ማሲንቆ ይዘው ባይታዩ፣ ከዚያም ወዲያ ቢተዉት... ዘፋኙን እኛ ከኮምቦልቻ እናመጣለን።»

እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ልቀደው ደረስኩ። እኒህ ሰው በሹሙ ግብር ላይ እየመጡ፣ ጠጁን እየጠጡ፣ ከማንም በላይ «ተቀበል!» ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። አባቴ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ግጥማቸው ጥሩ እንደነበር እንኳ አመስግኖ ነው።

«ልጄ ደስ ካላት ይሁን» አለ አባቴ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማሲንቆውን አውርዶ ጭኑ ላይ አደረገው። መቃኛውን አላላና የፈረስ ጭራውን፣ ያንን ድምፅ የሚሰጠውን አንዱን አውታር፣ ከላይ እስከ ታች ነቀለው። የደጋኑንም ጭራ ፈታ። ሁለቱንም ጠቅልሎ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ምን አደረግህ አባባ?» ብዬ ጮህኩ።

«እጄን አላምነውም» አለኝ። «በሰርግሽ ቀን ከበሮ ሲመታ ሰምቶ ሄዶ ቢያነሳውስ? አሁን ሳጥን ነው። ሳጥን ማንንም አያሳፍርም።»

ባዶውን ሳጥን ጓዳ ሰቀለው። እኔ ማታውን እራት አልበላሁም። እሱ ግን በላ፤ ቀልድም ቀለደ። እንደዚያ ሲሆን ነው የሚያስፈራኝ። በማግስቱ ሐጂያ አጥሩ ላይ ተደግፋ ነገሩን ስነግራት «አብሽሪ» አለችኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያለው ይሆናል። አንቺ ጠጉርሽን ተሠሪ።»

ሰርጉ በጥር ሆነ። ዳሱ ከቤታችን እስከ ሐጂያ አጥር ድረስ ተጣለ፤ አጥሩንም አፈረስነው። እንደ ወሎ ወግ የእስላሙ ሰንጋ በአንድ ወገን፣ የክርስቲያኑ በሌላ ወገን ታረደ፤ ሐጂያ የእሷን ወገን ድስት በጭልፋ እየመታች ታዝዛለች። አባቴ አዲስ ኩታ ለብሶ በክብር ቦታው ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሰርግ ላይ ቆሞ የኖረ ሰው ነው፤ ተቀምጦ ምን እንደሚደረግ አያውቅም። እጆቹን አንዴ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ አንዴ ኩታው ውስጥ ይከታል።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደረሱ፤ አማቴም በነጩ ፈረስ መጡ። እኔን ነጠላ አከናንበው ሙሽራው ጎን አስቀመጡኝ። ነጠላው ስስ ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። ያላየሁት ከኮምቦልቻ ይመጣሉ የተባሉትን ዘፋኞች ነው፤ ባልና ሚስት ናቸው፣ በጣልያን ካሚዮን ተሳፍረዋል ተብሏል። ቆየት ብሎ ከዚያ መንገድ የመጣ አንድ ሰው፣ ሀረጎ ዳገቱ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም፣ ካሚዮኖቹ ሁሉ ቆመዋል ብሎ ነገረን።

ለዘፈኑስ ችግር አልነበረም። ሴቶቹ ከበሮ አላቸው፣ እልልታ አላቸው፤ ዳሱ ይናጥ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በገራዶ ሰዎች ዘንድ ልጅ ስለተሰጠው የወንዱ አባት በደረቁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አይነሳም። እንደ ማቃለል ይቆጠራል። ምስጋናውን በግጥም ያወጣል፣ አዝማሪው ይቀበለዋል፣ አዚሞም ለልጅቱ አባት ያደርሰዋል። ያ ሳይሆን ሙሽራ ከቤት አትወጣም። አዝማሪ ከሌለ ደግሞ ማን ይቀበላል? በልተን ጠጥተን፣ ፀሐይ የጦሳን ተራራ ልታልፍ ስትል፣ ሁሉም የኮምቦልቻን መንገድ ያያል። ባሌ ጉልበቱን ያወዛውዛል።

በመጨረሻ አማቴ ብድግ አሉ። ጠጁ ሞቅ አድርጓቸዋል፤ ግጥሙን ደግሞ ለብዙ ቀን ሲያብላሉት ከርመዋል፤ አፋቸው ላይ ነው። እንዲህ አሉ፤

«የቤትህን መብራት ልወስድ መጥቻለሁ፣
በምን ልክስህ ብዬ ሌት ተቀን አስባለሁ።»

ቀጥለውም እጃቸውን ወደ አባቴ ዘርግተው፣ ልክ እንደ ሹሙ ቤት ጊዜ፣ በዚያው ድምፅ «ተቀበል!» አሉት።

ከበሮው ቆመ። አማቻቸውን፣ ያውም በክብር ቦታው የተቀመጠውን የሙሽራ አባት፣ በሰው ሁሉ ፊት እንደ ቅጥር አዝማሪ ጠሩት። ማሲንቆ ይዘህ እንዳትታየኝ ያሉት ሰው ናቸው እኮ! ምላሳቸው የቆየ መንገዷን ይዛ ነው የሄደችው፤ ወዲያው ገባቸው መሰለኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። የእናቴ ወንድም ዱላውን ይዞ ተነሳ። ሚዜዎቹም ተነሱ። እኔ ከነጠላው ስር «በቃ፣ ትዳሬ ሳይጀመር አለቀ» አልኩ። ስለ ትዳሬ ብቻ አልነበረም ያዘንኩት። አባቴ ለእኔ ብሎ ማሲንቆውን አቃጥሎ፣ ደግሞ ለእኔ ብሎ ሊሰደብ ነው!

አባቴ አጎቴን በእጁ ምልክት አስቀመጠው። ከዚያ ኩታውን አስተካክሎ ተነሳ።

«ጥሩ ግጥም ነው» አለ። «መሬት አይወድቅም።»

ተቀበለው። ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ ድምፁ። ለራሱ የተላከውን ምስጋና ራሱ ተቀብሎ፣ ራሱ አዚሞ፣ ለራሱ አደረሰ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ ያዳምጥ ጀመር። እጁ ደረቱ አጠገብ የሌለውን ደጋን እየጎተተ ነበር። እሱ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔ ግን አየሁት፣ አማቴም አዩት።

ዜማው ሲያልቅ አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ጠየቁ። «ማሲንቆው የት አለ?»

እናቴ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለች ሴት ናት። አሁን ግን መለሰች። «ጓዳ ተሰቅሏል። ጭራ የለውም። ለእርስዎ ቃል የገባ ቀን በገዛ እጁ ነቅሎ አቃጠለው።»

አማቴ ዘወር ብለው ከዳሱ ወጡ። ተቀይመው መሄዳቸው ነው ብሎ ሰዉ አጉረመረመ። ባሌም ሊከተላቸው ብድግ አለ፤ ያን ጊዜ ነው ያለ ወጉ እጁን ይዤ ያስቀመጥኩት። ውጭ ፈረሱ ሲያናፋ ተሰማ። አንድ ልጅ እየሮጠ ገባና «ኧረ ፈረሱን! ፈረሱን እየላጩት ነው!» አለ።

ተመልሰው ሲገቡ በአንድ እጃቸው ቢላዋ፣ በሌላው ያንን ነጭ ጭራ እፍኝ ሙሉ ይዘዋል፤ ቀዩ ክር ከነጉንጉኑ ተንጠልጥሏል። አባቴ ፊት ደርሰው ቢላዋውን ጣሉና ጭራውን በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

«በምን ልክስህ ብዬ የገጠምኩት ለአፌ አይደለም» አሉ። «ይህን ይያዙልኝ። ለልጅዎ ይጫወቱላት፤ ገራዶ የፈለገውን ይበል።»

አባቴ ጭራውን ተቀብሎ በጣቱ እያሻሸ አየው። አልቅሶ ነበር፤ ግን የተናገረው ስለ ጭራው ነው። «ሳሙና በዝቶበታል» አለ። ሐጂያ በዚህ ሳቀችና ሙቅ ውሃ በጣሳ አመጣች፤ ጭራው ታጠበ፣ ሳጥኑ ከጓዳ ወረደ። አባቴ አውታሩን ሲወጥር፣ ደጋኑን ሲያስር፣ ሙጫ ሲቀባ፣ ሰዉ ሁሉ በዙሪያው ተሰብስቦ አየ። አማቴ ራሳቸው ሳጥኑን ይዘውለት ነበር። ኩታቸው ሙጫ ነካው፤ እሳቸው ግን ደንታም አልሰጣቸው።

ከዚያ ተጫወተልኝ። አውታሩ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቆይቶ ግን ለሰለሰ። ከተወለድኩ ጀምሮ የያዘልኝን ግጥም እንዲህ ብሎ አወጣው፤

«በሰው ሰርግ ስዘፍን ዘመኔን ፈጅቼ፣
የራሴን ልጅ ዳርኩኝ ማሲንቆ መትቼ።»

ይኼው ነው፤ ሁለት ስንኝ። ከዚህ የረቀቀ ግጥም ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ደስ ያለኝ ግን የለም። የኮምቦልቻዎቹ ባልና ሚስት በእግራቸው ሀረጎን ወጥተው፣ በጉም ርሰው የደረሱት ያን ጊዜ ነው። አባቴን ሲያዩት መሣሪያቸውን አላወጡም፤ ቁጭ ብለው አጨበጨቡ፣ በኋላም በደንብ በሉ።

እኔን በቅሎ ላይ አውጥተው ወደ ገራዶ ቁልቁል ይዘውኝ ሄዱ። የአባቴ ማሲንቆ እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ይሰማኝ ነበር። ከፊቴ አማቴ በነጩ ፈረስ ይሄዳሉ። ያ የተከበረ ጭራ ቀጥኖ፣ አንድ ወገኑ ተላጭቶ፣ ዝንብ እንኳ ማባረር ተስኖታል። ሚዜዎቹ እያዩት ሳቃቸውን ይውጣሉ።

ገራዶ ልንደርስ ስንል አንድ የአማቴ ባልንጀራ ገብስ ጭነው ሲወጡ አገኙን። እንኳን ደስ ያለህ ብለው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ፈረሱ ላይ ቀረ።

«አንተ ሰው፣ ምን ጉድ ነው? ጭራውን ማን ወሰደብህ? የማንን ልጅ ብታመጣ ነው?»

አማቴ ልጓሙን ሳብ አድርገው ፈረሱን አቆሙ። እኔ «የቆዳ ነጋዴ ልጅ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«የአዝማሪውን ልጅ ነዋ!» አሉ፣ ከኋላ ያለነው ሁሉ እስክንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጭራውም እዚያው ደሴ ቀርቷል። አሁን እየተዘፈነበት ነው።»

ሙሽራ አትስቅም ይባላል፤ ነውር ነው። እኔ ግን በነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።